ዐቢይ ጾምን በአራት ማባዛት

እኔ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ «ይቺማ ዝርክርክ ናት» እንዳትሉኝ ከወዲሁ ልከላከል ብዬ ነው። ሥራዬ ፋርማሲስትነት ነው። ለአንድ ሕፃን ሽሮፕ ከመስጠቴ በፊት ክብደቱን እናቲቱን ሁለት ጊዜ እጠይቃታለሁ፤ በር ላይ ስትደርስ ደግሞ መልሼ ጠርቼ ሦስተኛ እጠይቃታለሁ። ክፍሌን ቆልፌ ስወጣ ቁልፉን እነቀንቃለሁ፤ ግማሽ መንገድ ሄጄ እመለስና እንደገና እነቀንቃለሁ። ቁልፍ ስነቀንቅ ወንጌል ተነቦ ያለቀብኝ እሑድ አለ። እንግዲህ የሰው ላም ገበያ ያስወጣችው እንዲህ ያለችዋ ጥንቁቅ ሴት ናት።

የአሰላ ልጅ ነኝ። በሥራ ተመድቤ ብቸና ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ የምኖረው እትዬ የሺ ግቢ ውስጥ በኪራይ ነው። እትዬ የሺ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው የተበተኑባቸው ሴት ናቸው። በግቢው ከእኔ ሌላ የምትኖረው ቦራ የምትባል ላማቸው ናት። ከእኔ ኪራይ ያገኛሉ፣ ከቦራ ወተት፤ ሲመሽ ሁለታችንም መግባታችንን አይተው ነው የግቢውን በር የሚዘጉት። ከሁለታችን ማንኛችን ቀድማ እንደምትታይ ጠይቄ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ጋሻው ሊሰናበተን የመጣ ዕለት ነው። ጋሻው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፣ የሥራ ባልደረባዬ፤ ዝውውር ደርሶት ወደ ሩቅ ከተማ ሊሄድ ዕቃውን እየሸጠ ነበር። አልጋውን ሸጠ፣ ቴሌቪዥኑን ሸጠ፤ የቀረው ሞጣ ባለ አንድ የዘይት መጭመቂያ አክሲዮን ማኅበር ውስጥ የነበረው አርባ አክሲዮን ነው። የአንዱ ዋጋ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር።

«አክሲዮን ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ እትዬ የሺ።

«የፋብሪካው ቁራጭ ነው እትዬ» አላቸው ጋሻው። «እርስዎ እዚህ ተቀምጠው ፋብሪካው እዚያ ኑግ ይጨምቃል። ሲያተርፍ ያካፍልዎታል።»

«ጭድ ይበላል?»

«ምኑ?»

«ቁራጩ።»

«አይበላም።»

«ይታለባል?»

«በዓመት አንዴ።»

እትዬ የሺ ጉልበታቸውን እያሹ ወደ ቦራ አዩ፤ ቦራም ወደ እሳቸው አየች። በዓመት አንዴ ብቻ የሚታለብ፣ ጭድ የማይበላ፣ በዝናብ በረት የማይፈልግ ነገር በዚህች ዓለም መኖሩን ሁለቱም አልሰሙም ነበር።

«አንቺ» አሉኝ ጋሻው ሲሄድ፣ «አንቺ መድኃኒት በጠብታ የምትለኪ ሰው ነሽ። ጉልበቴ ከዚህ በኋላ ጎንበስ ብሎ ማለቡን አልወደደውም። ቦራ ስልሳ ሺህ ታወጣለች ይላሉ፤ የልጁም አርባ ቁራጭ ስልሳ ሺህ ነው። እሷን ሽጬ እሱን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርግ።»

የእሳቸው መጦሪያ ሌላ የለም። የእኔ ኪራይ ጡረታ አይሆንም፤ እንደ እኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ የሚከፍለው ኪራይ ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። ስለዚህ ነገሩን በጥንቃቄ ያዝኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ ስመለስ ስልኬ ላይ ተተክዬ ስለ አክሲዮን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ፤ በሦስተኛው ቀን የዋጋና የትርፍ ምጣኔ የሚባለውን አገኘሁት።

ቀላል ነው። የአንዱን አክሲዮን ዋጋ፣ ያ አክሲዮን በዓመት ለሚደርሰው ትርፍ ታካፍሉታላችሁ። አምስት ከመጣ፣ ትርፉ ባይጨምር ባይቀንስ ያወጣችሁትን ገንዘብ በአምስት ዓመት ይሠራላችኋል ማለት ነው። ሃያ ከመጣ ሃያ ዓመት ትጠብቃላችሁ። ትንሹ ቁጥር ርካሽ፣ ትልቁ ውድ። በሕይወቴ ሙሉ ይህን ሳላውቅ እንዴት ጫማ ስገዛ እንደኖርኩ ገረመኝ።

ከዚያ በኋላ ማካፈል ያዘኝ። የጫማዬን ዋጋ ለረገጥኩበት ቀን አካፈልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሊያጋቡኝ ያሰቡትን አንድ መምህር እንኳ የሰርጉን ወጪ ለደመወዙ አካፈልኩት፤ አርባ ምናምን መጣ፤ አልመለስኩለትም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳይቀር ስላካፈልኩ ለንስሐ አባቴ መናገር ግድ ሆነብኝ።

«ከየትኛው ጸሎት ላይ ነው ያካፈልሽው?» አሉኝ አባ።

«ከእግዚኦታው ላይ ነው፣ አባ።»

«ከአርባ አንዱ ስንቱን አደረስሽ?»

«ዐሥራ ሁለት ላይ ጠፋብኝ።»

«እንግዲያው የቀረውን ሃያ ዘጠኝ በስግደት አድርጊው» አሉ። ወረቀት ሳያወጡ በቃላቸው መቀነሳቸውን አደነቅሁ፤ ማድነቄንም ሳልናዘዝ ወጣሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጋሻው የማኅበሩን አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፤ ያለፈው ዓመት የሦስት ወር ሪፖርት። በሦስት ወር ውስጥ ለአንዱ አክሲዮን ሰባ አምስት ብር ተርፏል ይላል። በዓመት ውስጥ አራት ሦስት ወር አለ። ሰባ አምስትን በአራት አባዛሁ፤ ሦስት መቶ። አንድ ሺህ አምስት መቶን ለሦስት መቶ አካፈልኩ። አምስት። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አካፈልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አምስት።

ቀጥዬ ወደ ቦራ መጣሁ። ፍትሐዊ መሆን አለብኝ ብዬ እሷንም በዚያው ሚዛን ላይ አወጣኋት።

«እትዬ፣ በዚህ ወር ከወተት ስንት አገኙ? የጭዱንና የፉርሽካውን ቀንሰው።»

«በዚህ ወር?» አሉ። «በዚህ ወርማ ሁለት መቶ ሃምሳ ብትሆን ነው።»

በዐሥራ ሁለት አባዛሁት፤ ሦስት ሺህ። ስልሳ ሺህን ለሦስት ሺህ አካፈልኩ። ሃያ ዓመት። ቦራን በመስኮት አየኋት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደምትመስል በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝና አዘንኩላት። ወሩ መጋቢት ነበር። ከፊቴ በዘይት የተሠራ ምስር ወጥ ነበር፤ ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ውዬ እሱን እየበላሁ ነው ያካፈልኩት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እኔ ልብ አላልኩትም።

«እትዬ» አልኩ፣ «ቁራጩ አምስት ነው፣ ላሟ ሃያ።»

«ሃያ ይበልጣል አይደል?»

«እዚህ ላይ ትንሹ ነው የሚበልጠው።»

እትዬ የሺ በመስኮቱ ቦራን አዩዋት። «እሺ» አሉ በመጨረሻ፣ «አንቺ ካልሽ።» የእሳቸው «አንቺ ካልሽ» እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በተባባልነው መሠረት በገበያው ቀን እትዬ የሺ ቦራን ይዘው ወደ ገበያ፣ እኔ የጋሻውን ወረቀቶች ይዤ በማለዳው ሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄድን። አክሲዮን ስም የሚዛወረው እዚያ ቢሮ ነው፤ ምን ምን እንደሚያስፈልግ ቀድሜ ልጠይቅ ብዬ ነው። ጥንቁቅ ነኝ ብያችኋለሁ።

የማኅበሩ ቢሮ ከፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሒሳብ ሠራተኛዋ ስንዱ የምትባል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ የምትፈልግ ልጅ ናት። ወረቀቱን ዘርግቼ ምጣኔው አምስት እንደሆነ፣ በዚህ ዋጋ ማግኘታችን የእግዚአብሔር ቸርነት እንደሆነ ነገርኳት። እሷን ለማስደሰት ብዬ ነው። አልተደሰተችም።

«ይህን ብቻ ነው ያየሽው? ሌላውንስ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ዘጠኝ ወር አለ እህቴ።»

«እሱንማ በአራት አባዝቼ አገኘሁት።»

መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። «ይህ ሪፖርት ከስንት እስከ ስንት ያለው ነው?»

«ከጥር እስከ መጋቢት።»

«በዚህ መሀል ምን ይገባል?»

ይህን ጥያቄ ለሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ብታቀርቡት እጃቸውን አውጥተው ይጮኻሉ። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የጾምኩ፣ የንስሐ አባት ያለኝ፣ የምስሩ ወጥ ሽታ ገና ከነጠላዬ ያልወጣ ሴት፣ «የካቲት» አልኳት።

«ዐቢይ ጾም» አለች ስንዱ ራሷ። «ነጋዴው ገና በጥር ዘይት ማከማቸት ይጀምራል። ዓመቱን ከምንሸጠው የሚበዛው በነዚያ ወራት ነው። አንቺ ግን ዓመቱን ሙሉ ዐቢይ ጾም አደረግሽው። እኛስ ደስ ባለን ነበር፤ ሕዝቡ አይችለውም እንጂ።»

በቀሩት ዘጠኝ ወራት የተገኘው ተደምሮ ሃያ አምስት ብር ነው። የዓመቱ ትርፍ አንድ መቶ ብር ሆነ ማለት ነው። አንድ ሺህ አምስት መቶን ለአንድ መቶ፤ ዐሥራ አምስት። አምስት የነበረው በአንድ ደቂቃ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆነብኝ። እትዬ የሺ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ይህን ስደምር ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ስንዱ ሰው ናት፤ አዘነችልኝ። የሦስት ዓመቱን ሪፖርት ከመሳቢያ አውጥታ ጎን ለጎን ደረደረችው። በመጀመሪያው ዓመት አክሲዮኑ አንድ ሺህ ብር ሲሸጥ ትርፉ መቶ ነበር፤ ምጣኔው ዐሥር። በቀጣዩ ዓመት ዋጋው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሲገባ ትርፉ ወደ ስልሳ ወረደ፤ ሃያ። ባለፈው ዓመት ዐሥራ አምስት።

«በሁለተኛው ዓመት ለምን ሃያ ሆነ?» አልኳት።

«ኑግ የጠፋበት ዓመት ነበር። ትርፉ ቀነሰ፤ ዋጋው ግን አልወረደም፣ ሰው የመጣው ዓመት ይሻላል ብሎ ተስፋ አደረገ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዋጋው ወጥቶ ይሆናል፣ ወይም ትርፉ ወርዶ ይሆናል፣ ወይም ሁለቱም። የአንዱን ዓመት ብቻ ካየሽ የቱ እንደሆነ አይነግርሽም። የሦስት ወሩንማ ተዪው።»

«ታዲያ መጥፎ ነው?»

«መጥፎ አይደለም፣ እኔም አለኝ። በስንት ዓመት እንደሚመልስ አውቀሽ ከገባሽ ጥሩ ነው። ምን ሸጣችሁ ነው የምትገዙት?»

«ላም።»

«የምትታለብ?»

«የምትታለብ።»

«አሁን፣ በጾም?» አለችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

በዚያች ቅጽበት ሁለተኛው ስሕተቴ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ አናቴ ላይ ወረደ። በጾም ከእትዬ የሺ ወተት የሚወስዱት ሁለት ቤቶች ብቻ ናቸው፤ አንደኛው ሕፃን ያለበት፣ ሁለተኛው የሙስሊም ጎረቤታችን። ዘይቱን በጠገበበት ወር መዝኜ፣ ላሟን በተራበችበት ወር መዝኜ ነው የፈረድኩት። አንዲት ሴት በአንድ ጾም ሁለት ጊዜ በሁለት በኩል መሳሳት ከቻለች፣ ያ የእኔ ተሰጥኦ ነው።

ወዲያው ደወልኩ። ስልካቸው ይጠራል፣ አያነሱም። እትዬ የሺ ስልክ ይዘው ገበያ አይወጡም፤ ሌባ ይወስደዋል ብለው የጤፍ እንስራ ውስጥ ቀብረውት ነው የሚወጡት። ስንዱን ሳልሰናበት ደረጃውን ወረድኩ፤ በር ላይ ስደርስ ተመልሼ ተሰናበትኳት፤ ከዚያ ሮጥኩ።

በሚኒባሱ ውስጥ በሪፖርቱ ጀርባ ላይ የቦራን ሒሳብ እንደገና ጀመርኩ። ከንፈሬ ይንቀሳቀስ ኖሯል፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «ዳዊት ነው?» አሉኝ። ላም ናት አልኳቸው። አንዴ ከተናገርኩ በኋላ ነገሩ የሚኒባሱ ሁሉ ሆነ።

«ከወተቱ ላይ ረቡዕና ዓርብን ቀንሺ» አለ አንዱ ከኋላ።

«ፍልሰታንም።»

«የነቢያትንስ የት አድርሰሽው?»

«የምትነጥፍበትን ወር አትርሺ፤ ላም እንደ ቧንቧ ዝም ብላ አትፈስስም።»

«እንዲህ እየቀነሳችሁ ከሄዳችሁማ» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየን፣ «ላሟ ለእናንተ ልትከፍል ነው።»

እውነቱን ነበር፤ ወደ ዜሮ እየተጠጋን ነበር። ይህን ጊዜ እስከዚያ ድረስ አንገታቸውን ደፍተው የነበሩ አንዲት እናት ቀና አሉ። «ቅቤውንስ?» አሉ።

ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ።

«በጾም ያልተሸጠው ወተት የት ይሄዳል? ይናጣል። ቅቤው ተጠራቅሞ ለፋሲካ ይወጣል፤ ያኔ ደግሞ ዋጋው ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። ላሟ በጾም ሥራ አልፈታችም ልጆቼ፤ እናንተ አልጠየቃችኋትም እንጂ።»

እውነት ነው፤ እኔ እትዬ የሺን የጠየቅኋቸው ወተት ብቻ ነበር። እሳቸውም የተጠየቁትን ብቻ ነው የመለሱልኝ። ቅቤውን ደመርን፣ ጭዱን ቀነስን፤ ከደብረ ወርቅ በፊት በጠቅላላ ስምምነት ዐሥራ አምስት ሺህ ላይ ደረስን። ስልሳ ሺህ ለዐሥራ አምስት ሺህ፤ አራት ዓመት። አንዳንዶቹ አጨበጨቡ። ደብረ ወርቅ ላይ ጎማ ፈነዳ። ጎማው ሲቀየር ሹፌሩ የሚኒባሱን ምጣኔ እንዳወጣለት ለመነኝ፤ የነዳጁን ወረፋ ስሰማ በቁጥር ልነግረው አልጨከንኩም። ቆሎ የዘገኑልኝንም ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም ብዬ መለስኩ። ልቤ ግን ቆሎ አስቦ አልነበረም፤ ቦራን የሚነዳት ሰው ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ግቢው ስደርስ ቦራ በሯ ላይ ቆማለች፤ አንገቷ ላይ ግን የማላውቀው አዲስ ገመድ አለ። እትዬ የሺና አንድ ጎልማሳ ሰው ከገበያ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ገዢው አቶ ደሳለኝ ነው። ሦስት ሺህ ብር ቀብድ ከፍሏል፤ ቀሪውን ወንድሙ እዚሁ ግቢው ድረስ ይዞ እየመጣ ነው።

«እትዬ፣ አይሽጧት» አልኩ ትንፋሽ እየቆረጠኝ። «ተሳስቻለሁ። ቁራጩ ዐሥራ አምስት ነው፣ ላሟ ናት አራት።»

«ትናንት ሃያ ነበረች እኮ» አሉ።

«ጾሙን ረስቼው ነው።»

እትዬ የሺ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ማን? አንቺ?»

አቶ ደሳለኝ ጨዋ ሰው ነው፤ አልተቆጣም። «እናቴ፣ ቀብድ ተቀብለዋል» አለ ረጋ ብሎ። «የሻረ በእጥፍ እንደሚመልስ ያውቃሉ። ነገር ግን እኔም ‘ተወዶብሃል’ ትለኛለች ብዬ ሚስቴን ስፈራ ነው የዋልኩ። በእርግጥ ተወዶብኝ ከሆነ እጥፉ ይቅር፤ የሰጠኋትን ብቻ መልሱልኝና በሰላም እንለያይ።» ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ አስልተሽ የመጣሽ ትመስያለሽ። በስልሳ ሺህ ተወዶብኛል?»

እትዬ የሺ ሳሉ። እስከዚያች ቀን ሲስሉ ሰምቼ አላውቅም። «ተወዷል» ማለት ሦስት ሺህ ብር ያድናል፤ አንዲት ቃል ናት። አንገቴን ደፋሁ፤ ዝምታዬ ራሱ እንዲዋሽልኝ ተመኘሁ።

«ጾም ነው እህቴ» አለ አቶ ደሳለኝ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

«አልተወደደም» አልኩ። «በአራት ዓመት ዋጋዋን ትመልሳለች።»

«በአራት?»

«ቅቤው ተቆጥሮ።»

«እንግዲያው ወይ ላሟን ልንዳ፣ ወይ እጥፉን ልቀበል።»

እጥፉን ተቀበለ። የእሳቸውን ሦስት ሺህ መለሱለት፤ ሌላውን ሦስት ሺህ እኔ ከሻንጣዬ አመጣሁ። ለፋሲካ አሰላ ደርሼ ለመመለስ ያስቀመጥኩት የመሳፈሪያ ገንዘብ ነበር። ስሕተቱ የእኔ ነው፤ እትዬ የሺ ሊከፍሉት አይገባም። አቶ ደሳለኝ ገመዱን ፈትቶ እየጠቀለለ ሲወጣ ቦራን ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት፤ የሚቆጨው ይመስል ነበር።

«ትንሽ መሳል ብታውቂ ምን ነበረበት» አሉ እትዬ የሺ በሩን እየዘጉ።

ጋሻው የሦስት ዓመቱን ቁጥር ሳሳየው ራሱን ያዘ፤ እሱም ያችኑ አንድ ወረቀት ይዞ እስከዚያ ቀን ድረስ በርካሽ የሰጠን መስሎት እየተቆጨ ነበር። አክሲዮኑን አልሸጠም፤ ይዞት ሄደ። እናቴ በስልክ ለምን እንደማልመጣ ስትጠይቀኝ ላም አልኳት፤ ላም ምን አገናኛት ስትለኝ ደግሞ መልሱ ካርድ ጨረሰ።

ፋሲካን ብቸና ዋልኩ። በበዓሉ ማግስት የወተት ዕቃ የያዘ ሰው እስከ ውጪ በር ተሰልፎ ነበር፤ ቅቤው ደግሞ ከበዓሉ በፊት አልቋል። ማለቡን አሁን ለጉልበታቸው ሲባል እኔ ተምሬዋለሁ፤ ቦራ ገና አላመነችኝም። ያን ቀን እትዬ የሺ ጠሩኝ።

«ያንቺን ሦስት ሺህ ይዤ መኖር አልችልም» አሉ።

«የእኔ ጥፋት ነው እትዬ፣ አልቀበልም።»

«ገንዘብ ማን ሰጠሽ? ቦራ ከአሁን በኋላ የምትወልደው ጥጃ እኩሌታው ያንቺ ይሁን። አንቺም ቁራጭ ይኑርሽ።»

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ክፍሌ ገባሁና የፋርማሲውን ትንሿን ካልኩሌተር ይዤ ወጣሁ፤ ልማድ ነው። ያወጣሁት ሦስት ሺህ። ጥጃው ገና አልተጸነሰም፤ ትርፉ ዜሮ። ሦስት ሺህን ለዜሮ አካፈልኩ። መሣሪያዋ ጥቂት አሰበችና ሁሉንም ቁጥር አጥፍታ አንዲት የስሕተት ምልክት ብቻ ጥግ ላይ አስቀመጠች።

እትዬ የሺ በትከሻዬ ላይ አጎንብሰው አዩ። «ስንት ዓመት አለ?»

«አላውቅም አለ።»

ካልኩሌተሯን ከእጄ ወስደው ገለባበጧት፤ ጀርባዋንም አዩ።

«ይህን ጊዜ ሁሉ ይቺ እያለች» አሉ፣ «እኔ አንቺን አማክራለሁ።»